ቶሎሳ፣ አበባህ መሰከረችልህ

ይድረስ ለባለቤቴ ለቶሎሳ፤

ቶሌዬ፣ ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ስለ እኛ ልንገርህ።

እኛ ደህና ነን። የሱሉልታ ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ዘንድሮም ውርጩ ድንቹን አቃጠለው። ልጃችን ሰናይት ዱከም ፋብሪካ ውስጥ እየሠራች ነው፤ ሴት ልጅ ወልዳልሃለች። የልጅቷ ግንባር ያንተ ነው፤ ስትቆጣ ልክ እንደ አንተ ቅንድቧን ወደ ላይ ትሰበስባለች። በማድ ቤቱ ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። በግራ ጎንህ ትተኛበት የነበረው አልጋ አሁንም ቦታው ላይ ነው።

የምጽፍልህ ግን ይህን ለመንገር አይደለም። ጉርሜሳን ተበቀልኩልህ። ከማንም ሳትሰማ ከእኔ ስማው።

ያቺን አበባ ያመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሰበታ እህትህ ዘንድ ሰንብተህ ስትመጣ ሥሯን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭንህ ላይ ይዘሃት መጣህ። እኔ የጎመን ችግኝ መስሎኝ ተቀበልኩህና ሳየው ሳቅሁብህ። ስሟን ስጠይቅህ «እኔ እንጃ፤ መሬት ለመሬት ትሄዳለች፣ ሰማያዊ ታብባለች፣ በቃ» አልከኝ። ከእኛና ከጉርሜሳ ግቢ መካከል ባለው የእንጨት አጥር ሥር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ በሚወስድበት ድንጋያማ ቦታ ላይ ተከልካት። በሰኔ ነበር። ፍግ ከአፈር ጋር ደባለቅክ፣ በስንዝር በስንዝር እያራራቅክ ቀበርክ፣ ላዩን በገለባ ሸፈንክ። የመጀመሪያውን ዓመት አለች ለማለት እንኳ አትበቃም ነበር። አንተ ግን ከሥራ ስትመለስ ተንበርክከህ ሰርዶውን በጣትህ ትለቅም ነበር። እኔ ውሃ ይዤ ስመጣ ደግሞ «አታብዢባት፤ ውሃ የለመደች ሥሯን ወደ ታች አትሰድም» ትለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፈነችው። ቅርንጫፏ አፈር በነካ ቁጥር ሌላ ሥር ትሰድዳለች። ከብት አይቀምሳትም። ውርጭ ቅጠሏን ቢያጠቁረው ዝናብ ሲነካት ከታች ትነሳለች። ጉርሜሳ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ቶሎሳ፣ ይቺ አበባህ እኮ ወሰን አታውቅም!» እያለ ይስቅ ነበር፤ አንተም በመቀስ ትከረክምለት ነበር። አብሮ አደግህ አይደል? የእድራችን ዳኛ አይደል? በቀብርህ ቀን «ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲመታ ሰው ሁሉ የሚያጽናናው እሱን ነበር። እኔም አጽናንቼዋለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰናይት ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ዱከም ሄድኩና ሦስት ወር ተቀመጥኩ። የቤቱን ቁልፍ ለማን ሰጠሁ? ለጉርሜሳ ሚስት፣ ለጥሩነሽ። ከፋሲካ በፊት ስመለስ የእንጨት አጥራችን የለም። በምትኩ የብሎኬት ግንብ ቆሟል፤ ያውም ወደ እኛ ግቢ ሁለት እርምጃ ተኩል ገብቶ። አበባህ ተነቅላ ቦይ ውስጥ ተጥላለች። እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ጠጠር ፈስሶ የጉርሜሳ መኪና ቆማለች።

ጮህኩ። ጎረቤት ወጣ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ በኦቦ ደበላ መሪነት ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ኦቦ ደበላ አሁን ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነው። የድሮዎቹ የወሰን ድንጋዮች የሉም፤ ማን እንዳነሳቸው አንተም እኔም እናውቃለን። ከዚያ ጉርሜሳ ተነሳና ምን አለ መሰለህ?

«ወሰኑ ድሮም ግንቡ ያለበት ነው። ቶሎሳ ሊሞት ሲል አልጋው ላይ ሆኖ ነግሮኛል። ‹ጉርሜ፣ አጥሩን ወደ መሬትህ ገፍቼብሃለሁ፤ ስሞት አስተካክል› ብሎኛል።»

ቶሌ፣ መሬቱን ብቻ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አልቅሼ እተወው ነበር። እሱ ግን አፍህን ወሰደው። በታመምክበት ጊዜ እሱ አልጋህ ዘንድ ሲመጣ ካጠገብህ ተለይቼ አላውቅም፤ አንተ ያላልከውን ቃል አንተ አልክ አለ። መልስ መስጠት የማትችለውን አንተን በገዛ ርስትህ ላይ ሌባ አደረገህ።

ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው ይፍቀዱልኝ» አልኳቸውና ወደ እሱ ዞርኩ። «ጉርሜሳ፣ የቶሎሳ አበባ የት ላይ ነበረች?»

«አጥሩ ሳይገፋ በነበረበት ነዋ! የግንቡ መሠረት የተቆፈረው አበባው በነበረበት መስመር ላይ ነው።»

«ትምልበታለህ?»

«በቶሎሳ አጥንት እምላለሁ!»

ማለ። እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ በሰው ፊት፣ በአጥንትህ ማለ። ዝናብ ሲነካት ሥሯ ከታች እንደሚነሳ አውቃለሁ። ያኔ «ክረምት እስኪገባ ጠብቁ» ልላቸው እችል ነበር፤ ገና ሳይምል ላስቆመው እችል ነበር። ሆን ብዬ ተውኩት። ሲወድቅ ከፍ ካለ ቦታ እንዲወድቅ ፈለግሁ። የልቤን ክፋት ላንተ አልደብቅም። ሽማግሌዎቹም ነገሩ ስላልጠራላቸው ከመስቀል በኋላ ሊያዩት ቀጠሩን።

ቦይ ውስጥ ከተጣሉት መካከል እርጥበት የቀረላቸውን ለቀምኩና በበራችን መግቢያ ግራና ቀኝ ተከልኳቸው። አንተ እንዳስተማርከኝ ፍግ፣ ገለባ፣ ትንሽ ውሃ። ከእነሱ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ ወደ ጉርሜሳ ግቢ አልወረወርኩም። በቀሌ ንጹሕ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት።

ሰኔ ዘነበ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አሸንዳ ልጠርግ መሰላል ላይ ወጥቼ በግንቡ ማዶ ወደ እሱ ግቢ አየሁ። ጠጠሩ መሃል፣ ከመኪናው ጎማ አጠገብ፣ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። አንድ ቦታ ሳይሆን ከጓሮው እስከ መንገዱ ድረስ፣ በገመድ የተለካ በሚመስል ቀጥ ያለ መስመር። አንተ በተከልክበት፣ ስንዝር በስንዝር። መሰላሉ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ።

እሱም አየ። ነቀለ። ቆርጦ ሲነቅላት ሥሯ ውስጥ እንደሚቀር አያውቅም፤ አንድ የነበረችው ሦስት ሆና ወጣች። የፈላ ውሃ አፈሰሰባት። ፀረ አረም ረጨባት። ቅጠሏ ይጠወልግና በሁለተኛው ሳምንት ትመለሳለች። አንድ ቀን ጠዋት ተንበርክኮ ሲጭር ቀና ቢል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። «አከም ቡልቴ፣ ኦቦ ጉርሜሳ?» ብዬ በትሕትና እንዴት እንዳደረ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ መጫሩን ቀጠለ።

ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ሲመጡ አበባዋ ወጥታ ነበር፤ ቁጥሯ ጥቂት ነው፣ ግን ሰማያዊ። ጉርሜሳ «ነፋስ ያመጣው ዘር ነው» አለ። ኦቦ ደበላ በከዘራቸው ጠጠሩን ገፋ ገፋ አደረጉና አስቆፈሩት። ሥሩ ወጣ፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ የጠቆረ፣ ጥልቅ። በእጃቸው ዳሰሱት። «ይህ የዓመት ሥር አይደለም፤ የቶሎሳ እጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጉርሜሳ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሰው አጥንት ነው እኮ የማልከው» አሉት።

ግንቡ እንዲፈርስ ተፈረደ። ካሣ ጠይቂ አሉኝ፤ አልፈልግም አልኩ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ አበባህን በገዛ እጁ መልሶ እንዲተክላትና በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ የዋሸውን እንዲናገር።

ማታውኑ ጥሩነሽ መጣች። ሃያ ዓመት አብረን የኖርን፣ አንተን ስታስታምም እኔን ያሳረፈችኝ ጥሩነሽ። «እባክሽ እድሩን ተዪለት፤ ሰው ፊት አታቁሚው» ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ አለች። ይዤ አነሳኋት። ግን እምቢ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ይህን ሳላስበው ቀረሁ አልልህም፤ አስቤዋለሁ፤ ግን እንዲህ ያህል ይጎድለኛል ብዬ አልገመትኩም።

ግንቡ የፈረሰ ዕለት በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጉርሜሳ ተንበርክኮ ተከላት። እኔም እንደ አሠሪ ከላይ ሆኜ አዘዝኩት። «ጠለቅ አድርጋት። ሥሯ አይታጠፍ። ስንዝር አልሞላም፤ እንደገና ለካ።» ላቡ አፍንጫው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁና ደስ አለኝ። ቶሌ፣ በጣም ደስ አለኝ። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግቤ እንጀራ የበላሁበት ቀን የለም።

በእድሩም ተነሳ። ሁሌ የሚቀመጥባት የዳኛ ወንበር ፊት ቆሞ «ቶሎሳ ምንም አላለኝም፤ ከራሴ ነው የተናገርኩት» አለ። ከኋላ ያሉት አልሰማንም ስላሉ ደግሞ እንዲለው አደረጉት። ያን ዕለት ዳኝነቱን ለቀቀ። አሁን በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች ሰላምታቸውን ያሳጥሩበታል።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ደበላ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ለእርቅ መጡ። እርሻውን፣ እርጅናውን፣ ጉርብትናውን አነሱ። ገና ነኝ አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ «ቶሎሳ ቢኖር ኖሮ ይቅር በይው ይልሽ ነበር» አሉ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ማንም በቶሎሳ አፍ አይናገርም» አልኳቸው። ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ግን አሰብኩ። እኔስ? ይህን ሁሉ ሳደርግ «ቶሎሳ ቢያይ ደስ ይለው ነበር» እያልኩ አልነበረም? ደስ ይበልህ አይበልህ አላውቅም። ምናልባት «ምነው የጥሩነሽን እንኳ ብትሰሚ» ትለኝ ነበር። ይህንንም አላልክም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። በቀሉ የእኔ ነው፤ ደስታውም፣ ጉድለቱም የእኔ ነው። ባንተ ላይ አልጭነውም።

ቃል የምገባልህ ይህን ብቻ ነው። ያልከውን አስታውሳለሁ፤ ያላልከውን አልጨምርም። የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ለሰናይት ምክር፣ ለእኔ ኑዛዜ ትናገራለህ ብዬ ጆሮዬን አፍህ ላይ አድርጌ ነበር። «በሩን ዝጊው፤ ብርድ እየገባ ነው» አልከኝ። ዘጋሁት። ስመለስ የለህም።

ሰው የመጨረሻ ቃልህን ሲጠይቀኝ ያችኑ እነግረዋለሁ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ አንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ።

ያንተው አየለች