«ድናለች» የሚል ወረቀት ስለ ተጠየቀባት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኒቆዲሞስ፣ የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበቱ? በዚህ በግንቦት ሙቀት ክንድዎን ሳያሳክክዎ፣ አንገትዎ በኮሌታ ሳይፋቅ ከርመው ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። በእኛ ቤት ይህ እንደ ትልቅ ጸጋ ስለሚቆጠር ለሌላው ስንመኝ ከልባችን ነው።

እኔ አስካለማርያም ገብረ መድኅን፣ የከዚራ ነዋሪ፣ ጡረተኛ መምህርት፣ የተማሪ ኑሀሚን ይሳቅ አያት ነኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤ አሽጌ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ «ሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ። ሂደቱን ላለማድከም ይህኛውን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት በሚገኘው የፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በባለቤቱ በአቶ ዓብዱልአዚዝ መልካም ፈቃድ ለጥፌዋለሁ። ፊደሉን ያተለቅሁት መነጽርዎን ረስተው ቢወጡ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ወላጆች በአጭሩ ላስረዳ። ኑሀሚን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችፌ አለባት። የክንዷ መታጠፊያ ላይና አንገቷ ላይ ቆዳዋ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ያሳክካታል፤ ጥቂት ሳምንት ትቷት ይመለሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ግን በሰልፍ ላይ የእጅ ፍተሻ ሲደረግ ከመስመር ወጥታ ወደ ቤቷ ተላከች፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። የዓመቱ ፈተና የሚጀምረው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የሐኪም ወረቀት ስላከበሩልን። እናቷ ስምረት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ሥራዋ ፈቃድ ለምና ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰደቻት፤ ሐኪሙም «አይተላለፍም፤ መማር ትችላለች» ብሎ ጽፎ ፈረመበት፣ ማኅተምም አደረገበት። እርስዎ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ በክብር ካስቀመጡት በኋላ «ድናለች የሚል አምጡ» አሉ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ፣ ሕመሙ በእንክብካቤ የሚያዝ እንጂ ባንድ ጊዜ ተነቅሎ የሚጠፋ እንዳልሆነ፣ ያላየውን መዳንም እንደማይጽፍ ነገረን። እንግዲህ ኑሀሚን ትምህርቷን የምትቀጥለው አንድ ሐኪም ሲዋሽላት ብቻ ነው። ልጆቻችንን በሥነ ምግባር ለማነጽ የሚያደርጉትን ጥረት ሳላደንቅ አላልፍም።

፪. ስለ ሰማያዊው ዩኒፎርም። የትምህርት ቤቱ ሸሚዝ ላብ የማይመጥጥ ጨርቅ በመሆኑ አንገቷን ያቆስላታል። ስምረት ቀደም ሲል ሦስት ቅዳሜ የታይዋንን ገበያ ዞራ ቀለሙ ከዩኒፎርሙ የማይለይ ጥጥ አገኘች፤ ቀን የባዕድ አገር ልጆች ሱሪ ስትሰፋ ውላ፣ ማታ የራሷን ልጅ ሸሚዝ ሰፋች። እርስዎም ኮሌታው በሁለት ጣት እንደሚጠብ ደርሰውበት መለሱት። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ኮሌታ ለክቼ አላውቅም ነበርና ሙያው ምን ያህል እንዳደገ ተረድቻለሁ።

፫. ስለ መቀመጫዋ። ከመላኳ በፊት ከጓደኛዋ ከሳዶ ተለይታ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ክንዷን በሚያገኝበት መስኮት ሥር ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። ሳዶ ቤታችን መጥታ ያለችውን እንዳለ ላስፍረው፦ «ወላሂ እማማ፣ ዓመቱን ሙሉ ክንዷን ተደግፌ ስጽፍ ምንም አልያዘኝም። ዳይሬክተሩ ካላመኑ ይኸው ክንዴን ይዩት።» የሳዶን ክንድ በፈለጉት ሰዓት ለምርመራ እናቀርባለን።

፬. «በደንብ ትታጠብ» ስለሚለው ምክርዎ። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ያውቃሉ። ወላጆቿ ያንን ውሃ ለብ አድርገው ቶሎ ያጥቧታል፤ ቆዳዋ ሳይደርቅ የታዘዘላትን ቅባት ይቀቧታል። አባቷ ይሳቅ ከባቡር ሥራው ሲመለስ ጥፍሯን ይከረክምላታል፤ በእንቅልፍ ልቧ እንዳትቧጭርም እጆቿ ላይ የጥጥ ካልሲ ያጠልቅላትና፣ አንዱን ካልሲ ባቡር፣ ሌላውን ጣቢያ ብሎ እስክትስቅ ያጫውታታል። ከእሷ የበለጠ የታጠበ ልጅ በትምህርት ቤትዎ ካለ ያሳዩኝ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ሦስት ዓመት ሲሆናት እኔም እድፍ መስሎኝ ክንዷን በሎሚና በጨው አሸኋት። ጩኸቷ እስከ ጎረቤት ተሰማ፤ ሳምንት ሙሉ እቅፌ አልገባ አለች። አላዋቂነትን ከውስጥ አውቀዋለሁ ማለት ነው። ልዩነታችን እኔ ስሳሳት ማኅተም አልነበረኝም።

፭. ስለ ጠዋቱ ፍተሻ። ይህን ልማድ በዚህ ትምህርት ቤት የጀመርኩት እኔው ነኝ። ልጅ ሳለሁ መምህሮቻችን በማስመሪያ ጫፍ ጥፍራችንን ያዩ ነበር፤ እኔም ተማሪዎቼን እንዲሁ አየሁ። ጥፍሩ የቆሸሸ ልጅ ግን የሚላከው ወደ ቧንቧው ነበር፤ ታጥቦ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እርስዎ ቧንቧውን ወደ በር ለውጠው ደንቤን አሻሽለውልኛል።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኑሀሚንን ይዤ እመጣለሁ። ዘበኛው አቶ ሰማታር እንዳያስገባት መታዘዙን ሰምቻለሁ፤ በሩ ላይ ከእኔ ጋር እንዲከራከር አያስገድዱት፣ ደግ ሰው ነው። ሰልፉ ላይ ከእሷ አጠገብ ቆሜ እጄን እዘረጋለሁ። የሰባ አራት ዓመት እጅ ነው፤ ደርቋል፣ ተዥጎርጉሯል፣ «ድኗል» የሚል ወረቀትም አይገኝለትም። ወደ ቤት መላክዎ ካልቀረ ከእኔ ይጀምሩ።

ወንበርዎ ከፀሐይ የራቀ፣ ኮሌታዎም እንደ ልኩ የሰፋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በማይጎድል አክብሮት እጅ የምነሳ፣

አስካለማርያም ገብረ መድኅን

ማስታወሻ፦ በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ራሱን ቆረቆር የወረሰው አንድ ተማሪ ነበረኝ። ያ ሕመም፣ ሐኪም ይጠይቁ፣ በእርግጥ ይተላለፋል። ወደ ቤቱ አልላክሁትም። ከሰማያዊ ጥጥ ቆብ ሰፍቼ አጠለቅሁለት፤ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን በእጄ ቀባሁት፤ ከፊት ወንበር አስቀመጥሁት። ክፍሉ በሙሉ ቆቡ የጎበዝ ተማሪ ሽልማት መስሎት ቀናበት። እውነትም ጎበዝ ወጣው፤ ርእሰ መምህር ለመሆን በቃ። ስሙን አልጠቅስም። ከቆቡ የተረፈው ጨርቅ ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ትናንት ለካሁት፤ ለኑሀሚን ኮሌታ የጎደለውን ሁለት ጣት ይሞላል።