የአባባ ግራ ትከሻ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለታውኖ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህ ጉንቮር እንዴት ናት? ትንሹ ላሴስ፣ ያ ሳል ተወው? አንተስ፣ ቀኑን ሙሉ የመኪና በር ስትገጥም የምትውልበት ጀርባህ እንዴት ይዞሃል? «ደህና ነኝ» ብለህ እንደምትጽፍልኝ አውቃለሁ፤ የአባባ ልጅ አይደለህ! እኔና ባለቤቴ ቬሊ ደህና ነን። ድንቹ ውርጭ ሳይመታው ገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ቬሊም ጥጃዋን ከእኔ አስበልጦ ይወዳታል።

ስለ አባባ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ላሞቹ ይሸጡ፣ እሱም ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ይግባ ያልከው ከክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ነበር። አንተ ከእማዬ ቀብር ማግስት ወደ ባሕር ማዶ ስለተመለስክ አላየኸውም እንጂ ሰውየው አባታችን አልነበረም። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፤ ሾርባው እንደ ቀረበ ይመለሳል። ግራ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣ ብሎ ሸሚዝ ለመልበስ ግማሽ ጠዋት ይፈጅበታል። ላግዝህ ስለው «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ሐኪሙ መርምሮት አጥንቱ ደህና መሆኑን ነገረን፤ ለእንቅልፉ ኪኒን ሰጠው፤ ትከሻውን ግን የሚያውቅ ሰው ይሽለት አለን። ሐኪሙ ራሱ ወገቡን ሲይዘው የት እንደሚሄድ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እማማ ሰንያ ዘንድ ነው።

ወጌሻዋን ሰንያን መቼም አትረሳትም። ከጣሪያ ወድቀህ ቁርጭምጭሚትህ የዞረ ጊዜ የመለሰችልህ፣ አንተም ክንዷን የነከስካት። ዛሬም ጠባሳውን እያሳየች ትስቃለች።

አባባ ግን «እኔ አልታሸም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔና እማማ ሰንያም ተመካከርንና፣ እሷ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቴ የሳውናዬ ምድጃ በር ወልቋልና መጥተህ ጠግንልኝ ብላ ላከችበት። ጠግንልኝ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው አይደለም። መዶሻውን ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። በሩን አንሥቶ ሊገጥም ሲል ግራ እጁ ደረቱ ላይ ቀረ። እማማ ሰንያ ወገቧን ይዛ ስታየው ቆየችና በስሙ ጠርታ፣ «ኦይቫ፣ በሩን ልትገጥመው ነው ወይስ ልታቅፈው? ሳውናው ለማን የሞቀ መሰለህ? ሸሚዝህን አውልቅና አግዳሚው ላይ ተኛ» አለችው። አባባ እንደተሸወደ ገባውና ዞሮ አየኝ። እኔ ደግሞ የውሃውን ባልዲ አየሁ።

ታውኖ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርህ? አሮጊት ናት፤ ጣቶቿም ጎብጠዋል። መጀመሪያ ሁለት መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ከአንገቱ ሥር ጀምራ ዝቅ እያለች ትዳብሰው ጀመር። የተቋጠረ ስታገኝ ትቆማለች፤ ቀስ ብላ ትጫነዋለች፤ ሥጋው ራሱ እሺ እስኪላት አትለቅም። «ያማል?» ስትለው «አያምም» ይላል። «ውሸታም! አግዳሚዬን በጥርስህ ልትቆርሰው ነው እኮ» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦይቫ፣ የሰው እጅ ከነካህ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለችው። አባባ ጥያቄውን በቁም ነገር ወሰደው። ብዙ አሰበና፣ «በፋሲካ የከብት ሐኪሙ መጥቶ ጨብጦኛል» አላት።

ምድጃው ላይ ውሃ የምረጭበትን ጣሳ አስቀመጥኩት። ከፋሲካ በፊት፣ በቀብሩ ቀንም እኔም አንተም እንደ ልማዳችን ጨብጠነው ነው ወደ ቤት የገባነው። ለካስ እማዬ ከሥራ መልስ ያንን ትከሻ በቅባት ታሽለት ኖሯል! ይህን ያወቅሁት እዚያው ተኝቶ ለእማማ ሰንያ ሲነግራት ነው።

ይህን እንደተናገረ አባታችን አለቀሰ፣ ታውኖ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። እሷ እጇን አላነሣችም፤ አይዞህም አላለችውም። «ውሃ ጨምሪ፣ እንፋሎቱ ቀንሷል» አለችኝ ብቻ፤ ማሸቷንም ቀጠለች። ሲያበቃ የእሷው አልጋ ላይ ጋደም አለና ላሞቹ እስኪታለቡ ድረስ ተኛ። ያለ ኪኒን! ሲነቃ «የሚበላ የለም?» አለ። እኔ ፈጣሪን ማመስገን እንኳ ረስቼ ቆሜ አየዋለሁ።

አሁን በየቅዳሜው ይሄዳል፣ ምክንያትም አይፈልግም። በመሐሉ ባሉት ቀናት እንዳሸው እማማ ሰንያ ለእኔ አሳየችኝ። የመጀመሪያ ቀን እጄን ጀርባው ላይ ሳሳርፍ አፍሬ ነበር፤ እሱ ደግሞ «ድመት ነው የምትደባብሽው? ጫን በይው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከእጄ ሥር ትንፋሹ እየረዘመ ሲሄድ ሲሰማኝ እስካሁን ይገርመኛል። ሁለት ባዶ እጅ ይህን ያህል ነገር መሥራት እንደሚችል ማን ነገረን? ሐዘኑ አልወጣለትም፤ እማዬን ሲያነሣ ድምፁ ይቆረጣል። ግን ያነሣታል። ትናንት ጋጣው ውስጥ ፋኖሱን በግራ እጁ ጣሪያው ላይ ሰቀለው፣ እኔ እንዳየሁትም አላወቀም። ስለ አረጋውያን ቤቱ የጻፍከውን ስነግረው፣ «ላሞቹን የሚሸጥ መጀመሪያ እኔን ይሽጠኝ» ብሏል። ስለዚህ አንሸጥም።

ለገና ስትመጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ እንደ ልማዱም ቀኝ እጁን ይዘረጋልሃል። ጨብጠው፤ ግን በዚያ ብቻ አትተወው። በሌላኛው እጅህ ትከሻውን ያዝለት። ግራው ነው፤ አሁንም ትንሽ ያመዋልና ቀስ ብለህ።

ጉንቮርን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ላሴን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ቬሊ እጅ ነሥቷል፤ ጥጃዋን በላሴ ስም ጠርቷታልና ሴት መሆኗን ለልጁ እንዳትነግሩት። እማማ ሰንያ ንክሻህን ይቅር ብያለሁ ብላሃለች። አባባ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ጀርባው እንዴት እንደሆነ ጠይቂው፤ ምንም አልሆንኩም ካለሽ እንዳታምኚው፣ ይምጣና እኔ ራሴ አሸዋለሁ» ይልሃል።

እህትህ ኢርያ
ኮስኪኩላ፣ ፊንላንድ
ኦክቶበር 17 ቀን 1971