ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ዛሬም አልተነጋገሩም። አሠሪያችን ሙሴ ቫርታን መቀስ ሲፈልጉ "ሙሉ፣ መቀሱን አቀብይ በያት" ይሉኛል። ኤሚኔ እኮ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚደርሱባት ቦታ ነው የተቀመጠችው! እኔም "ኤሚኔ፣ መቀሱን" እላለሁ። ለኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ለሳቸው። የሱሪ ጠርዝ ላጥፍ ነው የተቀጠርኩት ወይስ መቀስ ላመላልስ?

ነገሩ የተነሳው ቅዳሜ ነው። ሙሴ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት የሱቁ መስተዋት ላይ ወረቀት ለጠፉ። አርብ የአርመኖች የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ስለሆነ ዝግ ነን ይላል። ኤሚኔ ቱርክ ናት። እኛ ጋ ከገባች ዓመት ስላልሞላት ወረቀቱን አይታው አታውቅም። ቆማ አነበበችው። "ይሄ ቃል ግን ለምን?" አለች። "ሌላ ቃል ካለሽ ስጪኝ" አሏት። "ጦርነት ነበር፤ ከኛም ብዙ ሰው አልቋል" አለች። ሙሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ጠረጉ። በቃ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቶሮንቶ ብሉር ጎዳና ላይ ካለው ሱቅ ሁሉ ጸጥ ያለው የኛ ነው።

የሚያሳዝነኝ እንዴት ይዋደዱ እንደነበር ነው። ሙሴ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ አርመን ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ልጅ አማርኛ ይበልጣል። አባታቸው በሕፃንነታቸው ከዚያ እልቂት ተርፈው፣ እናት አባት የሌላቸው ሆነው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ልብስ እየሰፉ ልጆች አሳደጉ። ኤሚኔ ሥራ ፍለጋ ስትመጣ ሙሴ የሰፋችውን ቀሚስ ገልብጠው ውስጡን አዩና በቱርክኛ ያወሯት ጀመር። እኔ ደነገጥኩ። በኋላ ስጠይቃቸው አባታቸው ቤት ቱርክኛም ይወራ ነበር አሉኝ። ያን ሁሉ አድርገውባቸው እንዴት ብላቸው፣ "ሰው አፉን የሚፈታበትን ቋንቋ ይመርጣል እንዴ ሙሉ?" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቱርክኛ "ልጄ" ነበር የሚሏት።

አሁን "በያት" ሆነች።

የሠርግ ወቅት ደርሷል። የሚዜ ቀሚስ ተሰቅሎ ሞልቷል። የሙሴ ዓይን ደክሟል። የኔ እጅ ለሱሪ እንጂ ለዳንቴል አይሆንም። እሷ ከሄደች ይሄ ሱቅ አይቆምም። ግን የሱቁ ብቻ አይደለም። ሰው በዚያ ዕድሜው ስንቴ ልጅ ያገኛል?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 22

ምሳ ሰዓት ኤሚኔን ተከትዬ ወጣሁ። ከሱቁ ጀርባ ቆማ ሲጋራ ታጨሳለች። ትታው ነበር እኮ! ገና አፌን ሳልከፍት "አንቺም ይቅርታ በይ ልትይኝ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ እኔ ምንም አላልኩም።"

"እኔ ማንን ገደልኩ? አያቴ ማንን ገደለች? ይቅርታ ካልኩ እኮ አያቴን ገዳይ አደረግኳት ማለት ነው።" ትንሽ ቆየችና ደግሞ ወንድሟ እዚያ አገር የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆነ፣ እሷ እዚህ እንዲህ አለች ተብሎ ቢሰማ... አልጨረሰችውም። ሲጋራውን በጫማዋ አጠፋች። "ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ነው" አለችኝ።

ባስ ላይ ሆኜ ጋሽ ታዬን ኮል አደረግኩ። ጋሽ ታዬ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቶሮንቶ ውስጥ የተኳረፈ ባልና ሚስት ሁሉ ደጃቸውን ያውቀዋል።

"ቱርክና አርመን?" ብለው ሳቁ።

"አይሳቁ ጋሽዬ፣ ጨንቆኝ ነው።"

"ሰው አይደሉም እንዴ? ሰው ከሆኑ ይታረቃሉ።"

ይሄን ስሰማ እንዴት ቀለለኝ! ቤት ገብቼ ለልጄ ለሜላት ብነግራት ከስልኳ ቀና አለች። ቀና ማለቷ ራሱ ደስ ሊለኝ ሲል "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኢትስ ኖት ዩር ቢዝነስ" አትለኝም? እዚህ ያደገ ልጅ ምን ያውቃል። ሰው ሲጣላ ቁጭ ብዬ ልይ?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

ምነው ትናንት ያን ስልክ ሳላነሳ እጄ በተሰበረ።

ጠዋት ለሙሴ "ጋሽ ታዬ ማታ ሊጠይቁዎት ይመጣሉ" አልኳቸው። ለኤሚኔ "አንድ ትልቅ ሰው ሊያነጋግረን ነው" አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ሱቁ ሲዘጋ ጋሽ ታዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ወንበር አቀረብኩ። መረቁ። ከዚያ በእንግሊዝኛቸው ሁለቱንም "ለሽማግሌ ፈቃድ ስጡ" አሏቸው። ኤሚኔ ነገሩ ሳይገባት ለዕድሜያቸው ብላ አንገቷን ደፋች። ሙሴ ግን ገባቸው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሽምግልና ሊጠፋው ነው? ዞረው አዩኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

እሷም ተናገረች፣ እሳቸውም ተናገሩ፣ አጭር አጭር። እስከዚህ ደህና ነበር። ጋሽ ታዬ ያን ሁሉ ባልና ሚስት ያስታረቁበትን ቃል አወጡ። "እንግዲህ ተነሱ። ማን ይበልጥ አጠፋ ብለን አንቆጥርም። ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ።"

ኤሚኔ ተነሳች። ሙሴ አልተነሱም።

"እኔም?"

"ለሰላም ሲባል ሙሴ። እርስዎም ወረቀቱ ላይ ያለችዋን ቃል ትንሽ ለስለስ ቢያደርጓት።"

"አባቴ ሕፃን ነበር፣ ታዬ። ምን ይበል? ስለተረፍኩ ይቅርታ ይበል?"

ያኔ እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? "እባክዎ ሙሴ፣ ለኔ ሲሉ" አልኩ። ለኔ ሲሉ! አንድ ጉርሻ እንደመለመን ቆጠርኩት።

"አንቺም፣ ሙሉ?" አሉኝ በአማርኛ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ኤሚኔ እንደቆመች ናት። "እኔንስ ለምን አስነሳችሁኝ? ተከሳሽ ነኝ?" ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ በሩ ከኋላዋ ተንጓጓ። ሙሴ ካውያውን እንድነቅል፣ መብራት እንዳጠፋ ነግረውኝ ኮታቸውን አነሱ። እኔና ጋሽ ታዬ እስከ ሰብዌይ ባቡር ጣቢያ አብረን ሄድን።

አርብ፣ ኤፕሪል 24

ሱቁ ዝግ። መታሰቢያው ላይ ልሂድ ብዬ ጥቁር ነጠላዬን አወጣሁ። በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው ብዬ መልሼ አጠፍኩት። ወጥ አሳረርኩ። ኤሚኔን ደወልኩላት፣ አታነሳም።

ስለ እናቴ ጽፌ አላውቅም። ልጻፈው፣ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

በዚያ ክፉ ዘመን ታላቅ ወንድሜን ከቤት ሲወስዱት ደጃችንን ያሳያቸው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴ ደጃቸው ላይ ቆማ ረገመቻቸው። ብዙ ዓመት አለፈ፣ መንግሥትም ተለወጠ፣ የሰፈር ሽማግሎች ቤታችን መጡ። እሳት የሚጫጫር ጎረቤት እስከመቼ ይኳረፋል፣ ያለፈው አልፏል፣ ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ አሉ። የዚያ ልጅ እናት "ልጄ አድርጎታል" የምትል ቃል አንድም ጊዜ ከአፏ አልወጣም። "ክፉ ቀን ነበር" ብቻ አለች። እናቴ ግን ስለረገመቻት ይቅርታ ጠየቀች። ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን ጉልበት ስትስም አይቻለሁ። ሽማግሎቹ መርቀው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር! ታረቁ ብዬ። እናቴ በዚያ ቀን እህል አልቀመሰችም፣ በማግስቱም አልቀመሰች። ሆዷን ያመማት ነበር የመሰለኝ። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠኋት።

ይኸው ስንት ዘመን ቆይቶ ዛሬ ገባኝ። እሱም እኔው ራሴ ሽማግሌ ጠርቼ በሌላ ሰው ላይ ካደረግኩት በኋላ። እማዬ፣ ማሪኝ ማለት ለሞተ ሰው ይሠራል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

ኤሚኔ አልመጣችም። ወንበሯን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ሙሴ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ቀረብኳቸው። "ሙሴ፣ ደብቄ ሽማግሌ አመጣሁብዎ። እርስዎን ይቅርታ ይጠይቁ ማለት ነውር ነበር፤ ለኔ ሲሉ ማለቴ ደግሞ የባሰ። አጥፍቻለሁ" አልኩ። በኛ ወግ እንዲህ የሚል ሰው "ይቅር ለእግዜር" እስኪባል አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። አልጠበቅኩም። ሳይወዱ ሊያስወጡት የሚገደዱ ቃል ይሆንባቸዋል ብዬ ሄጄ የማጥፈውን ሱሪ አነሳሁ።

ኮታቸውን ሰቅለው "ካውያው ጋለ?" አሉ።

"ጋለ።"

በቃ ይሄው ነው። ግን ከሰዓት በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ተቀብዬ አስገባሁላቸውና ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ። "ከዚያች ልጅ ይቅርታ የምፈልግ መስሎሽ ነው? እሷ ምን አደረገች! ላልሠራችው ጥፋት ይቅርታዋን ምን ላደርገው ነው? እኔ የምፈልገው ሆኗል የሚለኝ ሰው ነው። አባቴ አንድ ቱርክ 'አዎ፣ ሆኗል' ሳይለው ሞተ። እኔም ልሞት ነው።"

"ኧረ እግዜር አያምጣው!"

"ኧረ በሚካኤል፣ ሙሉ! እግዜርማ ሁላችን ላይ ያመጣዋል" አሉና ትንሽ ሳቁ። ያቺን ሳቅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 26

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ታዬ ግቢው ውስጥ ጠበቁኝ። ወጉ እንደዚያ ነው ብለው ትንሽ ተከራከሩኝ፣ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ዝቅ ካላደረገ አይታረቅም ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ያን ሁሉ ዘመን ታክሲ ስነዳ ወዴት ነህ ሳልለው ያንቀሳቀስኩት ሰው የለም። ሐሙስ ዕለት ግን ሳልጠይቅ ነዳሁ።" እኔ ነኝ ያስነዳሁዎት ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

ኤሚኔ ቴክስት አደረገች፤ "ነገ ልምጣ? ብመጣስ ምን በይ ነው የሚሉኝ?" ብላ። ምላሽ ጽፌ አጠፋሁ፣ ደግሞ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሙሴ ያሉኝን ሁሉ ልነግራት ጣቴ በላኝ። ግን ከነገርኳት የሷ ቃል መሆኑ ይቀራል፣ እኔ ያጠናኋት ይሆናል። መጨረሻ ላይ "ነይ። የምትይውን ግን እኔ አልነግርሽም" ብዬ ላክሁ። አልመለሰችም። ተቀየመች?

ያለፈው ሰኞ አንድ ሰው፣ ቱርኮች አርመኖችን ይቅርታ መጠየቅ አለባቸው ወይ ቢለኝ፣ ይጠይቁ እንጂ፣ ይቅርታ ምን ያስከፍላል እል ነበር። አሁን እንጃ። መንግሥታቸው ይጠይቅ፤ መንግሥት ዕዳውን ትቶ አይሞትም። የኤሚኔ ግን ሌላ ነው። የዚያ የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ዛሬ በሬን ብታንኳኳ ምን እፈልግባታለሁ? ጉልበቴን እንድትስም አልፈልግም፣ ልጅቷ ምን በወጣት። "ቤታችሁን ያሳየው የኛ ሰው ነው፣ አውቃለሁ" ብትለኝ ግን... እኔ እንጃ። የማለቅስ ይመስለኛል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 27

መጣች።

"ሞርኒንግ" አለች ለሁላችንም። ሙሴም "ሞርኒንግ" አሉ። የሙሽራ ቀሚስ ወርዶ ማሽኗ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሱሪ ላይ ተደፋሁ። ቢያንስ ለአንድ ቀን አፌን ልዝጋ ብዬ ምያለሁ።

ረፋዱ ላይ ማሽኗ ቆመ። ሄዳ ሙሴ ፊት ቆመች። እኔ እንድሰማ ይሁን በቱርክኛ ማውጣቱ ከብዷት፣ በእንግሊዝኛ ነው ያወራችው። "አባትዎ የየት አገር ሰው ነበሩ?"

አንድ ከተማ ጠሩላት። ስሙን ልጽፈው አልችልም።

"የእናቴ አገር ከዚያ ሩቅ አይደለም" አለች።

"አውቃለሁ። ገና ስትናገሪ ነው ያወቅኩት" አሏት። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር! ለኔ እንኳ አልነገሩኝም።

"ትምህርት ቤት የነገሩን አርመኖቹ ለቀው ሄዱ ብለው ነው።"

"አልሄዱም" አሉ ሙሴ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

አንድ ደንበኛ የተበላሸ ዚፕ ይዞ ካልገባሁ ብሎ መጣ። ሮጬ በሩ ላይ ያዝኩት። እዚያው ተቀበልኩት፣ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና፣ ብቻ ሂድልኝ። ስመለስ ኤሚኔ እዚያው ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ ከባድ ዕቃ እንደምታነሳ ሰው ትንፋሽ ወሰደች።

"አልሄዱም" አለች።

እንዲሁ። ይቅርታ አላለች፣ ጉልበት አልሳመች። ሙሴም አልመረቁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አልጠረጉትም፣ ይዘውት ብቻ ተቀመጡ። እሷ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እኔ እልል ልበል፣ ተመስገን ልበል፣ ተነስቼ ሁለቱንም ልቀፋቸው... አፌን በክር የሰፋሁት ያህል ታገልኩ።

ይሄ እርቅ ይባል አይባል አላውቅም። ወረቀቱ መስተዋቱ ላይ እንዳለ ነው፣ እሷም አውርዱት አላለች። ሌላ ሥራ መፈለጓን ትታ እንደሆነም አልጠየቅኳት።

ስትወጣ ሙሴ ጋ ጠጋ ብላ በቱርክኛ የሆነ ነገር አለቻቸው። አጭር ነው። እሳቸውም አጭር መለሱላት። ምን ተባባላችሁ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።