የፔኒናን ስልክ አይተው ለሳቁት የጣቢያ አዛዥ

ለክቡር አዛዥ ሌአሉፊ፣
የማታሎሎ ፖሊስ ጣቢያ፤ ሳቫይ ደሴት፣ ሳሞአ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጥርስዎ በየቦታው፣ መንጋጋዎም እንደ ተፈጠረ ሆኖ የታሮ ሥርዎን ያለ ችግር እያኘኩ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚሁ እርስዎ በሚጠብቁት መንደር ይህን ማድረግ የማትችል ሴት ስላለች ነው ጤናዎን አጥብቄ የምጠይቀው።

እኔ ልብስ ሰፊዋ ቲሬሳ ነኝ። ላፋኤሌ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ፔኒና ደግሞ ሚስቱ ናት። የምጽፈው በገዛ ሥጋዬ ላይ መሆኑን አስቀድሜ የምገልጸው፣ የጎረቤት ወሬ ነው ብለው እንዳይጥሉት ነው። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ፔኒና ወንድሜ እንደሚደበድባት ባሕር ማዶ ላለችው እናቷ በስልኳ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን መልእክቱን አገኘው። በመቅዘፊያ ከደበደባት በኋላ ስልኩን ይሰብረዋል ብላ ስትጠብቅ፣ ቁጭ ብሎ የገጹንም የመጻፊያውንም ቋንቋ ቀየረባት። የእኛው ሳሞኛ ጠፍቶ የዓሣ መንጠቆ የመሰለ ፊደል ሞላበት፤ የጆርጂያ ፊደል መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው። ከዚያ ጭኗ ላይ ወርውሮላት፣ «በይ እንግዲህ ጻፊላት! ማን ከለከለሽ?» አላት። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ስልኳን በእጇ ይዛ ዲዳ ሆነች። በዳበሳ ነካክታ ያልታዘዘችው ገጽ ተከፍቶ ባገኘው ቁጥር በጥፊ ይመታት ነበር። እናቷ እኔ ዘንድ ደውላ ልጄ ምን ሆነች ስትለኝ ወንድሜን ጠየቅሁት፤ «ስልኳ ተበላሽቷል» አለኝ። አመንኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያበጠ ከንፈሯን አይቼ ዓይኔን ወደ መዝሙር መጽሐፌ መለስኩ። ይህ የእኔ ዕዳ ነው፤ ከእርስዎ ጋር አልካፈለውም።

፪ኛ፦ በዘጠነኛው ሳምንት ፔኒና ከንፈሯ እየደማ፣ ስልኳን ይዛ፣ በእግሯ ጣቢያዎ ድረስ መጣች። ላደረጉላት አቀባበል ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስልኩን ተቀብለው ለሁለት ፖሊሶች እያሳዩ እስኪያስልዎ መሳቅዎንና «የትኛው ሕግ ነው ቋንቋ መቀየር የሚከለክለው? አንቺ ነሽ መማር ያለብሽ!» ማለትዎን ከሁለቱ አንዱ አፍሮ ነግሮኛል። ቃሏን ሳይመዘግቡ ለወንድሜ ደውለው፣ «ኧረ ና ሚስትህን ውሰዳት፤ የፈረንጅ ፊደል አቅቷት ታለቅስልሃለች» እንዳሉትም እንዲሁ። ባል በሥራ ቀን እንዳይጉላላ ማሰብዎ ምንኛ ትሑት ያሰኝዎታል!

፫ኛ፦ ወንድሜ መጥቶ ወሰዳት። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቱ ደጃፍ እንደደረሱ በዚያው መቅዘፊያ መንጋጋዋን ሁለት ቦታ፣ ቀኝ ክንዷን አንድ ቦታ ሰበረባት። ጩኸቷን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ መቅዘፊያውን ጥሎ የኮኮናት መቁረጫውን ቆንጨራ አንስቶ ነበር። መሐላቸው ቆምኩ።

«እህቴ፣ ዞር በይ! የቤቴ ጉዳይ ነው!» አለኝ።

«እኔን ሳትቆርጥ አታገኛትም። በል፣ አንድ ጡት የጠባ ሥጋህን ቁረጥ!» አልኩት።

በእኛ ዘንድ እህት ላይ እጅ የሚያነሳ ወንድም የተረገመ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ዓይኑ ደም ለብሶ ቆንጨራውን ወደ እኔ ሰነዘረ፤ መጨረሻ ላይ ግን ክንዱ ከዳውና የቤቱን ምሰሶ መታ። ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲታገለው፣ መቅዘፊያውን ከመሬት አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ጉልበቱን አልኩት። እንደ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር ሰማሁት፤ ደግሜ መታሁት። ለሁለተኛው ምት ማመካኛ የለኝም። ክስ ከመሠረቱብኝ ግን የትኛውን ሕግ እንደሚጠቅሱ ለማየት እጓጓለሁ፤ እኔ የቀየርኩት የመቅዘፊያውን ያዥ ብቻ ነውና።

ሆስፒታል ውስጥ የፔኒናን መንጋጋ በሽቦ አሰሩት። መናገር አትችልም፤ ቀኝ እጇ በጀሶ ተይዟል። በግራ እጇ ወደ ስልኳ አመለከተች። የእኔም ስልክ ዓይነቱ አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ በእኔው ላይ ሳሞኛውን እያነበብኩ በእሷው ላይ መስመሩን እየቆጠርኩ ወረድኩ፤ ጥርሳም ጎማ የምትመስለው የማስተካከያ ምልክት፣ ከዚያ ስድስተኛው መስመር፣ ከዚያ ክቧ የዓለም ሥዕል። የገጹ ቋንቋ ሲመለስልን ሁለታችንም አለቀስን። ልትጽፍ ስትነካው ግን ያው መንጠቆ ወጣ፤ ለካ መጻፊያው ለብቻው ነው የሚቀየረው። እንደገና ቆጠርን። ሲስተካከል፣ በግራ አውራ ጣቷ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ጻፈች፦ «እትዬ፣ ውሃ።»

ውሃውን በቀጭን ቱቦ ከጠጣች በኋላ እስከ ምሽት ጻፈች። ቀኑን፣ ምቱን፣ የተመታችበትን ዕቃ፣ የእርስዎንም ሳቅ ሳታስቀር፣ በዋናው ከተማ ላሉት አለቆችዎ ላከችው። በሦስተኛው ቀን በመርከብ መጥተው ወንድሜን በምርኩዝ እያነከሰ ወሰዱት፤ አራት ዓመት ተፈርዶበታል። ሲወስዱት ተከትዬው አለቀስኩ፤ ወንድሜ ነው።

፬ኛ፦ ፍርድ ቤት ቀርበው የፔኒናን ቃል ለምን እንዳልመዘገቡ ሲጠየቁ፣ «ስልኩ ላይ ያለውን ማንበብ አልቻልኩም» ብለው በመጽሐፍ ቅዱስ ምለው መለሱ። ስለ ትሕትናዎ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ከንፈሯ ላይ የነበረው ደም ግን በንጹሕ ሳሞኛ የተጻፈ ነበር። ይኸው ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነዎት፤ ወንበሩን እግዚአብሔር ያጽናው፣ የተሸከመው ክብደት ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ውለታ በአንድ ደብዳቤ መመለስ እንደማይቻል እያወቅሁ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
የወንድሟን ጉልበት የሰበረችው ቲሬሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ባለቤትዎ ቀሚስ ሊያሰፉ እኔ ዘንድ መጥተው ነበር። ልኬት ስወስድ ጀርባቸው ላይ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝርም፤ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ቀሚሱ ደርሶላቸው፣ እሱኑ ለብሰው ዛሬ ጠዋት በመርከብ ተሻግረዋል። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ሳልሰጥ የቆየሁት በደኅና መድረሳቸውን እስክሰማ ነው።