«ይጠብቁ» የተባሉት ማን ነበሩ?

ለተከበሩ የታሪክ መጻሕፍት ዝግጅት ተቋም የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ የተቋምዎንም ሊፍት ጤና አብሬ እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ወር ስመጣ ታሞ ስለነበር አራት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ አራት ፎቅ በእግሬ ወርጃለሁ። ጉልበቴን የጠየቀኝ ባይኖርም ደኅና ነው።

ለሠላሳ አራት ዓመት ለማንም፣ ለወለድኳት ልጄ እንኳ፣ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ በአደባባይ እነግርዎታለሁ። ያቺን ወረቀት ያነበብኳት እኔ ነኝ።

የትኛዋን ወረቀት እንደምል እርስዎ ያውቃሉ፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን ባጭሩ ላስረዳ። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት አርባ አንድ የምክር ቤት አባላት ጦርነቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል ብለው ድምፅ ሊሰጡ በተሰበሰቡበት ቀን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከወዲያኛው ወገን የተፈረመ የእርቅ ሰነድ ይዘው መጥተው ነበር። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በር ላይ ቆሙ። ሳይሰሙ ድምፅ ተሰጠ፤ ጦርነቱም አሥራ አንድ ዓመት ቀጠለ። ተቋምዎ ያ ቀን ሌላ ቢሆን ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር የሚያትት መጽሐፍ አሳትሟል፤ ዘንድሮ ደግሞ ለተማሪዎች አሳጥሮ አውጥቶታል። በገጽ ስልሳ ሦስት ላይ «ይህ ሁሉ የቀረው አንድ መሃይም በረኛ ትእዛዙን ባለመረዳቱ ነበር» ይላል። ከሥሩም መልመጃ አለ፦ «በረኛው ማንበብ ቢችል ኖሮ አገራችን ዛሬ ምን ትመስል ነበር? በአንድ ገጽ አብራሩ።»

በረኛው ሟቹ ባለቤቴ ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይነበብ ሰምቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለላኩልኝ ተመራማሪ አመሰግናለሁ። ወንበሬ አንድ ስለሆነ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እናቴ» እያለ፣ ሻዬን ሁለት ጊዜ አስደግሞ፣ በመጨረሻም እንባውን በመዳፉ ጠርጎ፣ ወረቀቷንና ፎቶግራፋችንን በአደራ ወሰደ። «አባታችንን በክብር ነው የምናነሳቸው፤ ሳይታተም መጥቼ አነብልዎታለሁ» ነበር ያለኝ። በራሴ ማንበብ እችል እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ፎቶግራፉ የሠርጋችን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግማሹ ተቆርጧል። ትከሻው ላይ አራት የሴት ጣቶች ብቻ ቀርተዋል። እነዚያ ጣቶች የእኔ ናቸው። ከሁለታችን ፊደል የቆጠረችው እኔ ስለነበርኩ፣ ተቋምዎ መሃይሙን አስቀርቶ አንባቢዋን ቆርጦ መጣሉን እያደነቅሁ አልፋለሁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቷን ራሷን በጥሩ ቀለም ስላተማችሁልኝ አመሰግናለሁ። «ሦስቱ ሽማግሌዎች በአራት ሰዓት ይደርሳሉ። በር ላይ ይጠብቁ።» ይኸው ነው። የጻፏት ከተሾሙ አሥር ቀን ያልሞላቸው የምክር ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ። እኛ የምንኖረው ከግቢው ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ሲሆን እኔ የአዳራሹን መስኮት እወለውል፣ ብርጭቆ አጥብ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከቢሮ ከሚጣሉ ጋዜጦች ነው፤ ፊደሉን ከአርእስቱ፣ ትዕግሥቱን ከሐዘን ማስታወቂያው። ባለቤቴ ወረቀቷን ይዞ መጥቶ «አንቺ፣ እስቲ እዪልኝ፣ ምን ይላል?» አለኝ። እጄ ሳሙና ነበረ። በእርጥብ እጄ እንዳልነካት ተጠንቅቄ፣ እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ይጠብቁ ነው የሚለው፤ እስኪጠሩ ይጠብቁ» አልኩት።

«እስኪጠሩ» የሚል ቃል ወረቀቷ ላይ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መግለጽም እንደምችል ላሳየው ፈልጌ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔው ይኸውና ሠላሳ አራት ዓመት እንዳበጠ አለ።

እሱም አንድ ወንበሩን ለሽማግሌዎቹ ሰጠ፤ በየተራ ተቀመጡበት። አንደኛው «ልጄ፣ ቀጠሯችን እኮ ከላይ ነው» ቢሉት «ምን ላድርግ አባቴ፣ ይጠብቁ ነው የሚለው» ብሎ ወረቀቷን አሳያቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «እውነትህን ነው፣ ይጠብቁ ይላል» ብለው ተቀመጡ። ይህን መቼም መጽሐፋችሁ ውስጥ አላገኘሁትም። በስድስት ሰዓት ከላይ ጭብጨባ ሲሰማ ሦስቱም ስለ ወንበሩ አመስግነውት ሄዱ።

በሳምንቱ ጸሐፊው ወደ ክፍላችን መጡ። ቆመው ነበር የተናገሩት። «እኔ እኮ ይጠብቁ ያልኩት እርስዎን ነው፤ እንደ ልማዳቸው ወንበር ተሸከም ብለው ወደ አዳራሽ እንዳይወስዱዎትና እንግዶቹን ተቀብለው እንዲያስገቡልኝ» አሉት። ባለቤቴ «እርስዎ» የተባለውን ሰው ለማየት ዞር ብሎ ወደ ኋላው ተመለከተ። ከኋላው ግድግዳ ነበር።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እባክዎ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ እርስዎን ማለቴ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይመስልዎ። ባለቤቴ በዚያ በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ሚኒስትሩም ሾፌሩም፣ ገና ጢም ያላበቀለው ተላላኪም «አንተ» ነበር የሚሉት። እኔም እንደዚያው። ስለዚህ «ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ሽማግሌዎቹን ነው እንጂ እሱን ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ስህተቱ የመጣው ያ ሰው ፊደል ስላላወቀ አልነበረም፤ ፊደሉን የምታውቀው ሚስቱ አክብሮት በእሱ ስም ተጽፎ አይታ ስለማታውቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ያልሆነውን ማሰብ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። «ኖሮ» የምትለዋን ቃል አብዝታችሁ ትጽፏታላችሁ፤ ያን ዘመን ኖሮ ያየው ሰው ግን በመጽሐፋችሁ ብዙም የለም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና እኔም አንድ ሁለት ልሞክር። የአዳራሹ ሰባት መስኮቶች በሩን ቁልቁል ያያሉ፤ የምወለውላቸው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ማንበብ ከሚችሉት ከአርባ አንዱ አንድ ሰው እንኳ አንገቱን መዘዝ አድርጎ ቢያይ ኖሮ? ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀምጠው ሃያ ሁለት ደረጃ ወርደው «እንግዶቹስ?» ቢሉ ኖሮ? ሊቀመንበሩ «ሽማግሌዎቹ አልመጡምና ድምፅ ይሰጥ» ከማለታቸው በፊት ወደ በሩ ሰው ቢልኩ ኖሮ? እነዚህ መልመጃዎች ለተማሪዎች ከብደው እንደተተዉ እረዳለሁ። በረኛ ይቀላል፤ ሐውልት የለው፣ የሚሟገትለት ወራሽ የለው፣ በስሙ የተሰየመ መንገድ የለው።

አራተኛው ምስጋና ሳይሆን ዕዳዬ ነው። መርማሪዎች «ማን አነበበልህ?» ብለው ሲጠይቁት ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። «ማንም። በመሰለኝ ነው ያደረግሁት» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። ከሥራ ተባሮ፣ መንደሩ «አገር ያቃጠለ በረኛ» እያለ ሲጠቋቆምበትም ዝም አልኩ። እኔን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ማታ ማታ ጋዜጣ አንብቢልኝ ማለቱን ብቻ ተወ። ያ የሰጠው ቃል ነው ዛሬ በእናንተ መጽሐፍ «መሃይም» የሆነው። እናንተ አደራዬን በላችሁ፤ እኔ ግን ቀድሜያችሁ እሱን ከድቼው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ብወቅሳችሁ ልክ አይሆንም።

ልጄ አስተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት ያንን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «እማዬ፣ ይሄ አባዬ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ይመስላል» አልኳት። ፎቶውን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና «ምናለ ሀ ሁ እንኳ ቢቆጥር ኖሮ! እኔ አሁን ይሄን ቆሜ ላስተምረው?» ብላ ደብተሯን ሰብስባ ሄደች። ሰኞ ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ትደርሳለች። አባቷን እንድታፍርበት የሆነው በእናንተ ጽሑፍና በእኔ ዝምታ ነው፤ የእናንተን ባላውቅም የእኔን ግን እስከ ሰኞ ማብቃት እችላለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው እትም «ወረቀቷን ሚስቱ አንብባ ተሳሳተች» ተብሎ ይጻፍ፤ ስሜ ቢጠራ አልቃወምም። ከፎቶግራፉ ሥር «የምክር ቤቱ በረኛ ነበር» የሚለውም «የምክር ቤቱ በረኛ ነበሩ» ይባል። የምትለወጠው አንዲት ፊደል ናት፤ ከ«ር» ወደ «ሩ»። ለማተሚያ ቤቱ ብዙ ቀለም አትፈጅም፤ እሱ በሕይወቱ ያጣት ግን እሷን ነበር።

ለተቋምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለተመራማሪዎቻችሁ የማይነጥፍ እንባ፣ ለእርስዎም ስብሰባ የማይበዛበት ወር እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የበረኛው ሚስት፣ ከፎቶግራፉ የተቆረጠችው

ማሳሰቢያ፦ በመሥሪያ ቤት ደንብ ዋናው ደብዳቤ ለኃላፊ ይሄዳል፣ ግልባጩ ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ ደንቡን አላውቅምና ገልብጬዋለሁ። አንዱ ግልባጭ ለጋዜጣው፣ አንዱ ግልባጭ ለማተሚያ ቤቱ፣ አሁን በእጅዎ ያለውም ግልባጭ ነው። በእጄ የጻፍኩት ዋናው ለልጄ ነው፤ እሑድ ከምሳ በኋላ እኔው ራሴ አነብላታለሁ፣ ምንም ሳልጨምር።