የቡላ ግራ ጆሮ

ኅዳር 3፣ ጠዋት 1፡30

ከቦኖ ተመለስን። አራት ጀሪካን። ቡላ ከፊት ብቻዋን፣ እኔ ሃያ እርምጃ ከኋላ። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሳላዛት። ጭነቱን አውርጄ ጀርባዋን ዳሰስኩ። ቁስል የለም። ሸሕዲ ውስጥ ጀርባው ያልተላጠ አህያ ከእሷ ሌላ አላውቅም። ሁለት እጥፍ ብርድ ልብስ ሳላነጥፍ ጭኜባት አላውቅም።

አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ቦኖው አጠገብ ቆሞ ሲያየን ነበር። እንግዳ ነው። ሰላምታ አልሰጠኝም። ያየው እሷን እንጂ እኔን አይደለም። ይህን ልብ በል፣ ደብተሬ።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ሰውየው ቤቴ ድረስ መጣ። ስሙ ምናሉ። አነጋገሩ የጎጃም። ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ኮኪት አጠገብ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሰፍረዋል፤ የእሱ ሥራ እንስሳት መፈለግና መጠበቅ ነው አለ። ታሪኩንም ነገረኝ። አንድ ገበሬ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ይቀራል። አህያዋ ጀሪካኖቹን እንደተሸከመች ብቻዋን ቤት ትመጣለች። ሚስቱ ክፉ ነገር እንደደረሰ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ያለ ነጂ ሄዳ በር ላይ የምትቆም አህያ ይፈልጋሉ።

ሰው በየኬላው በሚፈተሽበት ዘመን ፊልም? በአህያ?

ከዚያ መረመራት። ጀርባዋን በመዳፉ ዳሰሰ። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ። በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከፊት፣ ከኋላ። ለምን እንደሚያነሳ አልተናገረም። ቆዳዋ እንዴት ንጹሕ ነው አለ። ቆዳዋ! ብልሃቷን አላለም፤ አካሄዷን አላለም።

አህያ ለቆዳው የሚያርዱ፣ በድንበር የሚያሻግሩ አሉ ይባላል። አይቼ አላውቅም። የጠፉ አህዮች ግን አውቃለሁ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ኅዳር 4

ጎረቤቴ አልጋነሽ ወሬውን ሰምታ በአጥሩ በኩል ሳቀችብኝ። «መምህር፣ እኛ ቴሌቪዥን ሳንወጣ አህያዎ ልትወጣ ነው? ዱሮም ስም ሲያወጡላት ጠርጥሬ ነበር!»

ሳቋ ሲበርድ ቁም ነገር ተናገረች። የአጎቷ ሁለት አህዮች ከዘሪባው፣ ከእሾህ በረታቸው፣ ተወስደው ኬላ ላይ ተገኙ። ምልክት ስላልነበራቸው የእኔ ናቸው ብሎ ማስረዳት አልቻለም። እያየ ሄዱ። የቡላን ጆሮ እንድቆርጥ መከረችኝ።

እዚህ ቆላ ሁሉም የሚያደርገው ነው። አንዱ ቤት ቀኝ ጆሮ ከጫፉ፣ ሌላው ግራውን ከሥሩ። የአባቴ ምልክት በግራ ጆሮ የኋላ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ሁለት ጥርስ ነበር። እኔ ግን እንስሳ ሰሌዳ አይደለም እላለሁ። ቡላ እናቷን መኪና ገጭቶ ሲገድላት የሦስት ቀን ውርንጭላ ነበረች። በጡጦ ነው ያሳደግኳት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዱላ አላነሳሁባትም። ምላጭማ እንዴት ተደርጎ።

ኅዳር 6፣ ማታ 12 ሰዓት

በሚኒባስ ኮኪት ሄድኩ። ለማጣራት። ድንኳን አለ፤ ካሜራ አለ፤ ጄኔሬተር አለ። ዳይሬክተሯ ጽጌ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ በአቧራ ታፍኗል። አሥራ አንድ ጥያቄ በወረቀት ይዤ ነበር። አሥራ አንዱንም መለሰች። ይህም ራሱ አላማረኝም። ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከጎኑ የቀዳ ነው።

ውል በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። አትመታም። ጀሪካኖቹ ባዶ ይሆናሉ። ስትሠራ እኔ እገኛለሁ። አራተኛው ላይ ተጣላን፤ ቤቷ ትደር አልኩ። ጽጌ አይሆንም አለች። የሚፈልጉት ገና ስትወጣ ያለችውን ፀሐይ ነው፤ ከሸሕዲ እስክትመጣ ያልፋል። እዚያው ዘሪባ ውስጥ ታድራለች፤ ምናሉ ይጠብቃታል።

ምናሉ!

ፈረምኩ። ለምን? ለአንተ አልዋሽም። በአራት ዓመት ውስጥ ያስተማርኳትን ሰው ሁሉ ያሾፍበታል። አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው እንዲያይልኝ ፈለግኩ።

ኅዳር 9

ትናንት በአይሱዙ ወሰዷት፤ እኔም አብሬ ተጫንኩ። ዛሬ የመጀመሪያው ቀረጻ።

ስድስት ጊዜ አስደገሟት። ስድስቱንም ጊዜ ከግራሩ ተነስታ፣ በነዶው መካከል አልፋ፣ በሩ ላይ ቆመች። የመጨረሻዋን ጊዜ አንገቷን ወደ ቤቱ መለስ አድርጋ ጠበቀች። ያን እኔ አላስተማርኳትም። ሚስቲቱን ሆና የምትሠራው ልጅ እውነተኛ እንባ አለቀሰች። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች ማጭዳቸውን ጥለው ያያሉ። አንዱ ጮኸ፦ «ከእኛ አለቃ ትሻላለች፤ የነገሯትን ትሰማለች!» አለቃውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ደስታው እስከ ምሳ ነው። ምናሉ ከውሃ ቦቴው ጀርባ በስልክ በዓረብኛ ያወራል። ስጠጋ ጀርባውን ሰጠኝ። «ሑማር» ሲል ሁለት ጊዜ ሰማሁ። አህያ ማለት ነው። የጎጃም ሰው ዓረብኛ ከየት አመጣ? ከማን ጋር? ስለ የትኛዋ አህያ?

ኅዳር 10

ዛሬም ጥሩ ሠራች። አንድ ትዕይንት ብቻ ቀረ። ረጅሙ። ቡላ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ፣ በድንበሩ በኩል፣ ብቻዋን ትሄዳለች። ካሜራው ከሩቅ ነው። ሰው አይታይ ይላሉ። እኔም ከጉብታው ጀርባ ልደበቅ። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማን ይቀበላታል? ምናሉ።

እንግዲህ አስብ። ንጹሕ ቆዳ። አራት ፎቶ። የዓረብኛ ስልክ። ሰው የሌለበት መንገድ። አራቱን ደምር ብለው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይደምራል።

የሚቀረጸው በ13 ነው። በ12 ሚካኤል ስለሆነ ማንም ማጭድ አይጨብጥም፤ እነሱም ሠራተኛ አያገኙም።

ኅዳር 12፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ኮኪት

አደረግሁት።

ሰፈሩ ባዶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ንግሥ ሄዷል፤ ምናሉም ጭምር። አንድ ዘበኛ በሩ ላይ ያንቀላፋል፤ ጭድ ይዤ መጣሁ ብዬው ገባሁ። አዲስ ምላጭ፣ በአረቄ የታጠበ። አመድ በወረቀት ጠቅልዬ።

ምልክቱን ለማንም አልናገርም። ሌባ ምልክት መኖሩን ካወቀ በላዩ ሌላ ቆርጦ ያጠፋዋል። ሳያውቅ ከወሰዳት ግን ኬላው ላይ ቆሜ የእኔ ናት፣ ግራ ጆሮዋን እዩ እላለሁ።

ቁሚ አልኳት። ቆመች። ዘሪባው ክፍት ነው፤ አላሰርኳት፤ መሄድ ትችል ነበር። የመጀመሪያውን ጥርስ ስቆርጥ ቆዳዋ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ተንቀጠቀጠ። ግን ቁሚ ብያታለሁና ቆመች። ሁለተኛውንም ቆረጥሁ። ከጠበቅሁት በላይ ደማ። አመዱን ነስንሼ ግንባሯን ልዳስሳት እጄን ስዘረጋ ጭንቅላቷን አዞረች።

በሚካኤል ቀን። እጄ አሁንም ደም ደም ይሸታል።

ኅዳር 13፣ 7 ሰዓት

ከየት ልጀምር። በቅደም ተከተል።

ፀሐይ ሳትወጣ ደረስኩ። ጽጌ ስልኳን ይዛ ቡላን ትዞራለች። ስልኩ ላይ ምናሉ ቤቴ ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ። ግራውን ጎን አየች፤ ቆመች፤ ጠራችው።

ፎቶዎቹ ለምን እንደተነሱ ያን ጊዜ ገባኝ። በፊልሙ ውስጥ ቡላ በመንገድ የምትሄደውና በር ላይ የምትቆመው በአንድ ቀን ነው። በር ላይ የቆመችው ተቀርጿል፤ ጆሮዋ ሙሉ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ከተቀረጸች በተቆረጠ ጆሮ ትነሳና በሙሉ ጆሮ ትደርሳለች። እንስሳው በመጀመሪያው ቀን እንደነበረ እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ማድረግ የምናሉ ኃላፊነት ነው። ቀላል ነገር ነው። ማንም ቢነግረኝ ይገባኝ ነበር። አሥራ አንድ ጥያቄ ይዤ ሄጄ ይህን አልጠየቅሁም።

ምናሉ ደነገጠ። አላየሁም አለ። በሚካኤል ማለ። እሾህ ይሆናል፣ ጅብ ይሆናል አለ። ጽጌ ቁርጡን በጣቷ አሳየችው፤ ጅብ ምላጭ ይይዛል ወይ አለችው። ትናንት የት ነበርክ አለችው። ንግሥ አላት። ጥበቃውን ጥለህ አለችው። 

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እርስዎ ትናንት ጭድ ይዘው መጥተው ነበር አሉኝ። ያኔ ጆሮዋ ደኅና ነበር?»

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

እኔ! የጀርባዋን ጠጉር በየጠዋቱ የምዳስስ። ጽጌም አመነችኝ። እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ አደራ ብለው ሰጥተውን ነበር አለች። ሽማግሌንና መምህርን ማንም አይጠረጥርም። ምናሉን እቃህን ሰብስብ አለችው።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት፣ ቤት

ቡላን ይዤ ተመለስኩ። አልጋነሽ ጆሮዋን አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አሁን ባለቤት እንዳላት ታወቀ አለች። ስለ ምናሉ ነገርኳት፤ ሁሉንም። «ሌባ ነው ይበሉ፤ ዛሬ ባይሰርቅ ነገ ይሰርቃል። ምን አገባዎት?» አለችኝ። መስማማት ፈለግሁ።

ቡላ ውሃ አልጠጣችም፤ ባልዲውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል። አስቀምጬው ራቅ ስል ጠጣች።

ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። በአንድ ወገን ምናሉን የሚያስጠረጥር፦ ስልኩ፣ ዓረብኛው፣ ቆዳዋን ማድነቁ። በሌላው፦ አምስት ሌሊት እሱ ዘንድ አድራ አንድ ጭረት የለባትም፤ ብርድ ልብሷን እኔ እንደማጥፈው ሁለት እጥፍ አድርጎ ያነጥፍላት ነበር። የጎዳት ሰው ስም በየትኛው ወገን እንደሚጻፍ ሳስብ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ኅዳር 14፣ ጠዋት 12፡15

ጽጌ ደወለች። መላ አግኝታለች፤ ከቀኝ ጎን ብቻ ይቀርጿታል። ነገ መኪና ትልካለች። ሌላ ጠባቂም ትቀጥራለች። ምናሉ ዛሬ በ3 ሰዓቱ መኪና ይሄዳል አለች። ለሚያውቋት ፊልም ሠሪዎች ሁሉ ነግራለች፤ ማንም እንስሳ በእጁ አይሰጠውም። ይህን ያለችው እኔን ለማጽናናት ነው። አመሰግናለሁ አልኳት። አመሰግናለሁ!

እነግራቸዋለሁ። ለሁለቱም፣ ሳይሄድ፣ ሳሉጎቹም ካሉ እየሰሙ። ቡላን ከፊልሙ ያስወጧት ይሆናል። ያስወጧት።

አሁንም አላምነውም፣ ደብተሬ። ከማን ጋር በዓረብኛ እንዳወራ አላውቅም፤ ልጠይቀውም መብት የለኝም።

የምናገረውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። አንደኛ፦ ጆሮዋን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ፦ ምናሉ ሲጠይቀኝ ዋሽቻለሁ። ሦስተኛው ለምን እንደጠረጠርኩት የሚያስረዳ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ሚኒባሱ ኮኪት ኮኪት እያለ ነው፤ ልሂድ