ሙሽራዋ የምትቀባው ባዜቃ

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 12፡30

ባኞ ቤቱ ዛሬም ይሸታል። የከረመ ቅቤ ላይ ሽቶ የደፉበት ይመስላል። የጥርስ ብሩሼ እጀታ ሳይቀር ነጭ ቅባት ይዟል። ጠረግኩት፣ አልለቅ አለ፣ ወረወርኩት።

ሰብለ ናት። ታናሽ እህቴ። ጥር ላይ ታገባለች፤ እስከዚያ መቅላት አለባት። የት ቀልታ! ፊቷ አመድ መስሏል። የጣቶቿ አንጓዎች ግን እንደ ድሮው ጠይም ናቸው። የሌላ ሰው ፊት የለጠፉባት ነው የምትመስለው። ቁርስ ላይ ቀና ብዬ ማየት አስጠላኝ። የገዛ እህቴን!

ቅባቱን ማን ሰጠሽ አልኳት። የእጮኛዋ የናቲ እናት፣ ወ/ሮ ዘነበች። አስኮ ሱቅ አላቸው፣ ቅባቱን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ጠይም ሙሽራ ፎቶ ላይ አትወጣም ብለዋታል። እኔም ጠይም ነኝ። እማዬም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠይም ነበረች። ፎቶ ላይ ወጥተናል።

ረፈደብኝ። የታክሲ ሰልፍ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ት/ቤት፣ ከሰዓት

ዛሬ 10ኛ ክፍሎችን ስለ ንጥረ ነገሮች ሳስተምር ሜርኩሪ ላይ ደረስኩ። አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። ክፉ ነገር ነው፣ ግን ሰው ያለሱ መኖር አልቻለም። ወርቅ ከአሸዋ ይለቅማል፤ ወርቅ አውጪው ያቃጥለዋል፣ ጭሱን ይስባል። በመስታወት ጀርባ ተቀብቷል፣ ቴርሞሜትር ውስጥ ገብቷል፣ የበሰበሰ ጥርስ ሞልቷል። ባርኔጣ ሠሪዎች የእንስሳ ጠጉር በሱ እያሹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸው ይነካ ነበር። ዕድሜ ያረዝማል ብለው የጠጡት ነገሥታት ሁሉ ነበሩ። ሞቱ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ አሁንስ ሰው ለምን ይጠቀምበታል?”

አምፖል፣ ባትሪ እያልኩ ቆጠርኩ። ቀጥሎ “የሚያቀላ ቅባት” ልል ነበር። አፌ ላይ ደረቀ።

የሰብለ እጅ ትዝ አለኝ። ጥልፍ ነው ሥራዋ፤ በሰፈሩ የታወቀች ናት። ሰሞኑን ግን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። የአንዲትን ደንበኛ ቀሚስ ጥለት አጣማ፣ ስትፈታ ስታጣምም፣ በመጨረሻ ወርውራ አለቀሰች። መብራቱ ደክሞ ነው አለችኝ። አምኛት ነበር።

 እንዳልሆነ በሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አስኮ ሄጄ መጣሁ። እጄን ታጠብኩ። አሁንም መታጠብ ያምረኛል።

ወ/ሮ ዘነበች ጓሮ ናቸው። የቀለም ባልዲ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ያቦካሉ። ቫዝሊን፣ ሽቶ፣ እና ከፌስታል የሚዘግኑት ነጭ ዱቄት። ጥፍራቸው ጠቁሯል። በዚያው እጅ ከአጠገባቸው ካለው ሳህን ቆሎ ያነሳሉ። አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች። እስከ ደረቷ ተቀብታለች፣ ታብረቀርቃለች። ሕፃኑ እዚያው ላይ ይጠባል።

“ዱቄቱ ምንድን ነው እትዬ?”

“እሱማ ሚስጥር ነዋ የኔ ልጅ! ይልቅ አንቺም ውሰጂ። በጊዜ ተቀብተሽ ቢሆን ባል አይጠፋም ነበር።”

ብለው ጉንጬን ነኩኝ። በዚያ እጅ! በነጠላዬ ጠረግኩ። ታክሲ ውስጥም እጠርግ ነበር፣ ሰው እስኪያየኝ። የሰጡኝን ብልቃጥ ግን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤዋለሁ።

አራሷን አላናገርኳትም። ምን ብዬ? ገና እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። የት/ቤቱ ላብራቶሪ

አሁን እርግጠኛ ነኝ።

ሰብለን ይዣት መጣሁ። በግድ። ቅባቱን አሲድ ውስጥ አሞቅኩት። ስቡ ተንሳፈፈ፣ እሱን ገፈፍኩ። ከአሮጌ ኬብል የመዳብ ሽቦ ልጬ ነከርኩበት። ቆየን። ቀዩ ሽቦ ግራጫ ለበሰ። በጨርቅ ስወለውለው ብር መሰለ።

“ውይ፣ ሲያምር!” አለች።

ሲያምር! በጥፊ ላጮላት ምንም አልቀረኝም።

“ባዜቃ ነው ሰቡ። ፊትሽ ላይ የምትለቀልቂው ይኼ ነው።”

 ሽቦውን ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሽንቴ አረፋ ይሠራል አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ሥር እንደሚያብጥም ነገረችኝ። አፍራ ነው ሳትናገር የቆየችው። ለኔ! በአንድ ቤት እየኖርን!

አቀፍኳት። ያ ሽታ አንገቷ ላይ አለ። ትንፋሼን ይዤ አቀፍኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ማታ 3፡00

ቤቴል ክሊኒክ ሄድን። ፕሮቲን በሽንቷ እየወጣ ነው፤ ኩላሊቷ ተጎድቷል። ሐኪሟ ቅባቱን ዛሬውኑ እንድታቆም አዘዘች፣ ሪፈር ጻፈች። በጊዜ ስለተደረሰበት ልትድን ትችላለች ብላናለች። ሰብለ፣ ልጅ መውለድስ አለች። ሐኪሟ መጀመሪያ እንታከም አለቻት።

አመሻሽ ላይ ናቲ መጣ። ጥሩ ልጅ ይመስለኝ ነበር። እራት አቀረብኩ፣ ሁሉንም ነገርነው። ስልኩን እየነካካ ሰማ። “እሺ ትተወው። ግን ለሰው እንዳታወሩ፣ የማዘር እንጀራ ነው።”

ኩላሊቷን አልጠየቀም። ጎረሰ፣ ዋጠ፣ ከዚያ፦ “ስታቆም ግን… ፊቷ እስከ ሠርጉ ተመልሶ ይጠቁራል እንዴ?”

የጎረስኩት አፌ ውስጥ ጭቃ ሆነ። ተነስቼ ተፋሁት። ሰብለ ሳቀች፤ አስቀያሚ ሳቅ። ከዚያ ራስዋ በሩን ከፈተችለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ጠዋት 2፡00

ትናንት ወ/ሮ ዘነበች ደወሉ። ሰብለ ላውድ ላይ አደረገችው። እንደሳቸው ከሆነ እኔ ቀናተኛ ነኝ፣ ቆሞ ቀር ነኝ፣ የእህቴን ሠርግ በኬሚካል ተረት ላፈርስ ነው። ስንቱን ሙሽራ ድረዋል፣ አንድም ሰው አልሞተባቸውም! ሰብለ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ስለ አራሷ ነግሬያት ነበር።

“እትዬ፣ የኔን ይተዉት። ያቺን አራስ ብቻ ይንገሯት።”

ዘጉባት።

ቀለበቱን ለማውለቅ ታገለች፤ ጣቷ አብጧል። በሳሙና ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ደብተሬ፣ አጠገብሽ። ይኼን ወርቅ ለማውጣት ማን የባዜቃ ጭስ እንደጠጣ አስባለሁ። ማየትም አልፈልግ።

እንዳልዋሽሽ፣ ሰብለ ለጤና ጽ/ቤት እንጠቁም ስትል እኔ ፈርቼ ነበር። እስክትድኚ እንቆይ አልኳት። እምቢ አለች። ሕፃኑ በየቀኑ ይጠባል አለች። 

ስለዚህ ተወሰነ። ዛሬ ት/ቤት አልገባም። ብልቃጡንና ሽቦውን ይዘን መጀመሪያ ጤና ጽ/ቤት፣ ከዚያ አስኮ። አራሷን በር በሩን እያንኳኳን እንፈልጋለን። ሠርግ የለም። ናቲን ራሷ ትነግረዋለች፤ በስልክ።

ሰብለ በር ላይ ሆና እየጠራችኝ ነው። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ስላላት የኔን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ፊቷን በባዶ ውሃ ታጥባለች፣ ምንም አልተቀባችም። ሻርፕ ልስጥሽ፣ ሰው ያይሻል አልኳት።

ይየኝ አለች።